ምክር በክፍያ፦ የወተት አርቢው ምን ይላል?

(በዩኒየናችን የምስረታ በዓል ላይ በአንድ አባል አርሶ አደር የቀረበ ንግግር)



ስለ ግል የእንስሳት አማካሪዎች የአርሶ አደሩን አስተያየት እንዳቀርብ ተጠይቄአለሁ። እኔ ባለሙያ አይደለሁም። አራት የተዳቀሉ ላሞች ያሉኝ የደብረ ብርሃን ዙሪያ አርቢ ነኝ። የምናገረው ከደረሰብኝና በማኅበራችን ስብሰባ ከሰማሁት ነው።

መንግሥት በየቀበሌው የመደባቸው የልማት ሠራተኞች ብዙ አስተምረውናል፤ ይህ አይካድም። ላም ግን የሥራ ሰዓት አታውቅም። አንዲት ላሜ ቅዳሜ ጠዋት ኮርማ ፈለገች። ጠዋት ምልክት ያሳየች ላም በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መዳቀል እንዳለባት ሁላችንም ተምረናል። አዳቃዩ ብዙ ቀበሌ ስለሚሸፍን ሊደርስልኝ የቻለው ሰኞ ነበር። ሰኞማ ምን ያደርጋል? ሌላ 21 ቀን ጠበቅሁ። ፉርሽካውና ፋጉሎው አልቀረም፤ ጥጃውና ወተቱ ግን ዘገዩ። በሚቀጥለው ዙር ለግል ባለሙያ ደወልኩ። በሰዓቱ መጣ፣ አዳቀለ፣ ገንዘቡን ተቀበለ፣ ላሟም ያዘች። እንግዲህ «አርሶ አደሩ ለአገልግሎት አይከፍልም» የሚሉን ተሳስተዋል።

ሌላም ነገር አለ። ሌላዋ ላሜ ጡቷ አብጦ ወተቷ ሲረጋ አንድ የግል ባለሙያ ጠራሁ። ምክሩም መድኃኒቱም የወጣው ከአንድ ቦርሳ ነው። ወግቷት፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ወተቷን ለስንት ቀን ለገበያ እንዳላቀርብ አልነገረኝም። ከብልቃጡ ላይ ያነበበችልኝ ተማሪ ልጄ ናት። እሷ ባትኖር ያ ወተት ከእናንተ ወተት ጋር በአንድ ታንክ ተቀላቅሎ ለሕፃናትም ይደርስ ነበር። እጅን መታጠብ፣ ጡቷን በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ፣ የታመመችውን መጨረሻ ማለብ፣ ይህ ሁሉ ብር አይጠይቅም። መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ግን ይህን ለመናገር አይቸኩልም። ሁሉም እንዲህ ናቸው አልልም፤ የተመሰገኑም አሉ።

በስብሰባችን ላይ አንዲት እናት ተነሥተው፣ «እናንተ አራት ላም ያላችሁ ትከፍላላችሁ። እኔ ባለ አንድ ላሟ፣ ያውም በሁዳዴ ወተቱ አልሸጥ ብሎኝ ቅቤ ስንጥ የምከርመው፣ ከምን ልክፈል? የግል መጣ ተብሎ የመንግሥቱ ይቀርብኝ ይሆን?» ብለው ጠየቁ። ቤቱ ዝም አለ። እኔም መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ያሰብኩትን ላቅርብ። ዩኒየኑ ራሱ አማካሪ ይቅጠር። ደመወዙ ከምናስረክበው ወተት በሊትር ጥቂት ሳንቲም ተቀንሶ ይከፈል፤ ሃያ ሊትር የሚያመጣ የሃያውን፣ አንድ ሊትር የሚያመጣ የአንዱን። ሲጠሩት ግን ለሁሉም እኩል ይምጣ። መድኃኒት አይሽጥ። የመጣበትን ቀንና የሰጠውን ምክር በየቤቱ በደብተር ይጻፍ፤ ካልመጣም ይታወቅ። የወረዳ አመራሮቻችን ደግሞ የግሎቹን ፈቃድ ይቆጣጠሩልን፤ የቀበሌ ባለሙያዎቻችንንም አይቀንሱብን።

«ተቀናሽ በዛብን» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ፤ እውነትም አለው። ስለዚህ ሐሳቡ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ በአጀንዳ ይያዝና ተከራክረንበት ድምፅ እንስጥበት። በበኩሌ ከነገ ጀምሮ ከእኔ ወተት ቢቀነስ ፈቃደኛ ነኝ።