ደሴትን በነዳጅ መጠበቅ

በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



የአየር ኃይል ነገር ሲነሣ ሁላችንም በዓይነ ሕሊናችን የምናየው ተዋጊውን አውሮፕላን ነው። እኛ ዛሬ የምንናገረው ግን ነዳጅና ዕቃ ተሸክሞ ከኋላ ስለሚከተለው ሎሌ ነው። ምሳሌያችን በደቡብ አትላንቲክ የሚገኙት፣ እንግሊዝ የምትገዛቸው፣ አርጀንቲናም ማልቪናስ ብላ የእኔ ናቸው የምትላቸው የፎክላንድ ደሴቶች ናቸው። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠራለን።

በ1982 ዓ.ም. የአርጀንቲና ጦር ደሴቶቹን በያዘ ጊዜ እንግሊዞች የተነሡባት አሴንሽን ደሴት ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቅ ነበር። በኤፕሪል 30 ቀን ሌሊት ቮልካን የተባለው ቦምብ ጣይ የስታንሌን ማኮብኮቢያ እንዲመታ ሲላክ፣ እርሱን ለማድረስ 11 ቪክተር ነዳጅ አዳዮች ተነሡ። አንዱ ለሌላው እየቀዳ፣ የቀዳውም እየተመለሰ ተጓዙ። በመጨረሻው ግድም እስከ ፍጻሜው ሊዘልቅ የታሰበው ቪክተር በአየሩ መናወጥ የመቀበያ ዘንጉ ተሰበረ። ቦብ ተክስፎርድ የሚመራው ቪክተር በፈንታው ቀጠለ። ለቮልካኑ የሚያስፈልገውን ከሰጠ በኋላ ግን ለራሱ አሴንሽን የሚያደርሰው ነዳጅ አልቀረለትም። በሬዲዮ እርዳታ ቢጠራ ጓደኛውን ያጋልጣል። ስለዚህ ቦምቡ መጣሉን የሚያበሥረው ምልክት እስኪሰማ ድረስ፣ ከነባልደረቦቹ ዝም ብሎ ወደ ሰሜን በረረ። ከዚያ በኋላ ጠራ፤ ሌላ ነዳጅ አዳይም መጥቶ አዳነው። ከ21 ቦምቦች ማኮብኮቢያውን የመታው አንድ ብቻ ነው፤ ድካሙ ይገባ ነበር ወይ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም።

ከጦርነቱ በኋላም የስታንሌ ማኮብኮቢያ አጭር ስለ ነበረ ዕቃና ሰው የሚያመላልሰው ኸርኩለስ ነበር፤ እርሱም በመንገድ ላይ ነዳጅ ካልተቀዳለት አይደርስም። ቀጂው ቪክተር ጀት፣ ተቀባዩ ኸርኩለስ ባለ ፕሮፔለር በመሆናቸው፣ አዝጋሚው ፍጥነት እንዲያገኝ ሁለቱም ቁልቁለት እንደሚወርድ ሰው ዝቅ እያሉ ይቀዳዱ ነበር። በ1983 ዓ.ም. 1312ኛው የበረራ ቡድን በዚያው በደሴቶቹ ተቋቋመ፤ ኸርኩለሶቹም ራሳቸው ነዳጅ አዳይ ሆኑ፤ ባሕሩንም ይቃኙ ነበር። በ1985 ዓ.ም. የማውንት ፕሌዛንት ጣቢያ ተከፍቶ ትላልቅ አውሮፕላኖች ማረፍ ቻሉ።

ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ አራት ታይፉን ተዋጊዎች እዚያ ተቀመጡ። ስማቸው እምነት፣ ተስፋና ፍቅር ሲሆን፣ አራተኛው ተስፋ መቁረጥ ይባላል። (የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ስሞች በ1940 ዓ.ም. ማልታን ከጠበቁት አውሮፕላኖች የተወረሱ ናቸው፤ አራተኛውን የጨመረው ቀልደኛ መሆን አለበት።) እነዚህ ተዋጊዎች ያለ ነዳጅ አዳይ ምን ያህል ይጠቅማሉ? የማውንት ፕሌዛንት ነፋስ አደገኛ ነው። ተዋጊው በሰማይ ሳለ ጣቢያው ቢዘጋበት በአቅራቢያው ያለው አማራጭ እጅግ ጥቂት ነው፤ የደቡብ አሜሪካ የብስ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ይርቃል። ነዳጅ አዳዩ በአየር ላይ ካለ ግን ነፋሱ እስኪበርድ ይቆያል፣ ወይም ወደ የብሱ ይሻገራል።

ይህን ንግግር ስናዘጋጅ እኛው በእኛው ተከራክረናል። ግማሾቻችን ከ4,000 ለማይበልጥ ሕዝብ ይህን ያህል ወጪ ማውጣት የአሮጌ ንጉሠ ነገሥታዊ ግዛት ኩራት ነው አልን። ሌሎቻችን ደግሞ በ2013 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 1,513 ሰዎች ከእንግሊዝ ጋር እንቆይ ሲሉ ሦስት ብቻ መቃወማቸውን ጠቀስን። አልተስማማንም፤ መድረኩን ለእናንተ እንለቃለን።