ሳቁ ከወረቀቱ ይነሣ

(በአማተር የአጭር ኮሜዲ ጸሐፍት ምረቃ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ኦሎምፒያ፣ አዲስ አበባ)



ተመራቂዎች፣ እንኳን ደስ አላችሁ። በዚህ የሐምሌ ዝናብ ታክሲ ተጋፍታችሁ ኦሎምፒያ ድረስ የመጣችሁ ወላጆችም እግዜር ይስጥልን። «ልጅሽ ምን እየተማረ ነው?» ስትባሉ «ቀልድ» ማለት ከብዷችሁ፣ «አንዲት አጭር ኮርስ አለችው» ብላችሁ ያለፋችሁ እንዳላችሁ እገምታለሁ። ሰው ማሳቅ ቀላል ሥራ ቢሆን ኖሮ በየበዓሉ ቴሌቪዥን ከፍተን ይህን ያህል አናማርርም ነበር። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሳታፍሩ ንገሩ።

አዘጋጆቹ የጠሩኝ ዳኞቹን ወክዬ የወቅቱን ምርጥ ጭውውቶች እንዴት እንደለየን እንዳስረዳ ነው። በኋላ ስማቸው ሲጠራ «ለምን እኔ ቀረሁ?» የሚል መኖሩ ስለማይቀር፣ መልሱን አስቀድሜ ልስጥ።

ጽሑፎቹ የደረሱን ስም ሳይኖርባቸው፣ ቁጥር ብቻ ተጽፎባቸው ነው። መጀመሪያ እያንዳንዳችን ለየብቻ አነበብናቸው። ቀጥሎ ተሰብስበን አንዳችን ዜና እንደሚያነብ ሰው ድምፁን ሳይቀያይር፣ ፊቱን ሳያጨማድድ ጮክ ብሎ አነበበ፤ ሌሎቻችን አዳመጥን። መድረክ ላይ ያየናቸው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ የሆነበት ምክንያት አለው። ጎበዝ ተዋናይ የስልክ ሒሳብ አንብቦም ያስቃል። እኛ የምንዳኘው ጸሐፊውን ስለነበር፣ ሳቁ ከወረቀቱ ይነሣ እንደሆነ ማወቅ ነበረብን።

ይህ አሠራር ብዙ ሥራ ጣለ። አንዱን ሳልጠቅስ አላልፍም። መድረክ ላይ አዳራሹን ያናወጠ ጭውውት ነበር። ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ ፍሪጅ ስታይ ትደነግጣለች፤ የምታውቀውን ቃል አጣማ ትናገራለች፤ እመቤቲቱ ትጮኻለች፤ ሰው ይንከተከታል። እኛ ግን ጽሑፉን በዜና ድምፅ ስናነበው አንድም የሚያስቅ ዓረፍተ ነገር አላገኘንበትም። የሚያስቀው የልጅቱ አነጋገር ብቻ ነበር። አነጋገሩ ሲነሣ የቀረው አንዲት የተደናገጠች ልጅና አንዲት ተሳዳቢ ሴት ናቸው። ይህ ደግሞ ኮሜዲ አይደለም፤ በየሰፈራችን በየቀኑ የሚታይ በደል ነው።

ይህንን ለጸሐፊዋ ነገርናት። ልትቀየም ትችል ነበር። እሷ ግን ወረቀቷን ይዛ ሄደች፤ በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰች። ቤቱ ያው ነው፤ ሰዎቹም ያው ናቸው፤ ደላላው ሠራተኛ ይዞ መጥቷል። አሁን ግን ጠያቂዋ ሠራተኛዋ ሆናለች። «ስንት ቤተሰብ ናችሁ? እንግዳ ይበዛል? ልጆቹ ሲጠሩ አቤት ይላሉ?» ትላለች። እመቤቲቱ ግራ እየተጋባች ትመልሳለች። በመጨረሻ ልጅቱ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ጥሩ፤ እንግዲህ ዋስ አምጡ፤ ያለፈችው ሠራተኛችሁም የሥራ ልምድ ትጻፍላችሁ» ትላለች። ይህን በዜና ድምፅ ያነበበው ባልደረባችን መጨረስ አቅቶት ወረቀቱን ለሌላ ሰው አቀበለ። ቁጥሩን በምርጦቹ ዝርዝር ውስጥ ያስገባነው ያን ዕለት ነው።

በሁለቱ ረቂቆች መካከል ያለው ልዩነት የሚሳቅበት ሰው መቀየሩ ነው። ይህን መንገድ ከእኛ በፊት የሄዱበት አሉ። ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ በ«ያላቻ ጋብቻ» የተማረ የመኳንንት ልጅ ከቤት ሠራተኛ ጋር ያጋባሉ። ተመልካቹ የሚስቀው በልጅቱ ድህነት አይደለም፤ ዘር እየቆጠሩ በሚንጨረጨሩት ዘመዶች ነው። በ«ጠልፎ በኪሴ»ም መሳቂያ የሚሆነው ጠላፊው ነው። እኚህ ሰው የአባታቸውን የአለቃ ለማን ወግ ከአንደበታቸው እየቀዱ መጽሐፍ ያደረጉ መሆናቸውንም አትርሱ። ሽማግሌ ሲያወራ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ የቻለ ጆሮ ነው ያን የመሰለ ምልልስ የጻፈው። እናንተም ከመጻፋችሁ በፊት ታክሲ ውስጥ ማዳመጫችሁን ከጆሯችሁ አውጡ።

ታክሲ ካነሣሁ አይቀር፣ አንደኛ ወደወጣው ሥራ ልምጣ። ሁለት ገጽ ነው። ረዳቱ ዝርዝር የለውም። ባለ 50 ብር አውጥቶ ለአንድ ወጣትና ከጎኑ ለተቀመጠች ለማያውቃት ልጅ «እናንተ ተካፈሉ» ይላቸዋል። ሁለቱም ኦሎምፒያ ወራጅ ናቸው። ይወርዳሉ፤ ታክሲው ይሄዳል። አሁን ብሩን ማን ይያዝ? ጸሐፊው እዚህ ላይ ምንም ንግግር አልጻፈም። በቅንፍ ውስጥ ያስቀመጠው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ሁለቱም የብሩን ጫፍና ጫፍ ይዘው መንገድ ይሻገራሉ።» በዚያች መስመር ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች፣ አንድ ከተማና አንድ ችግር ተጠናቀው ቀርበዋል።

ከዚያ ዝርዝር ፍለጋ ይጀመራል። ሊስትሮው «ጫማህን ልጥረግና ልዘርዝርልህ» ይላል፤ ልጁ ያደረገው ነጠላ ጫማ ነው። ሎተሪ አዟሪው «አንድ ቁረጡ» ይላል፤ የማን ዕጣ እንደሚሆን መስማማት ያቅታቸዋል። በመጨረሻ ካፌ ገብተው ሁለት ማኪያቶ ያዝዛሉ። ሒሳቡ ከያዙት ብር ይበልጣል። ልጁ ከኪሱ ባለ 200 ያወጣል። አስተናጋጇ ግን ዝርዝር የላትም፤ አንድ ኖት ይዛ ትመለስና፣ በጎን ጠረጴዛ ያሉትን ባልና ሚስት እያሳየች «ለአራት ተካፈሉት» ትላቸዋለች። መብራት ይጠፋል።

ይህን ሥራ ያስመረጠው ምን እንደሆነ ልዘርዝር። ችግሩ የሁላችንም ነው። በማንም አነጋገር፣ በማንም መልክ አልተሳቀም። እያንዳንዱ ትዕይንት ካለፈው የባሰ ጣጣ ያመጣል እንጂ ያንኑ አይደግምም። ማብቂያው ደግሞ ከራሱ ከነገሩ ወጣ፤ ከሰማይ የወረደ እንግዳ ነገር የለበትም። በመጀመሪያው ረቂቅ ልጁ ካፌው ውስጥ ፍቅሩን ይገልጽላት ነበር። ጸሐፊው ያንን ራሱ ሰረዘው። ለመሰረዝ የጨከነበት እጅ ለመጻፍ ከተጠቀመበት እጅ ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

ስለ ማብቂያ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙዎቻችሁ የቀራችሁት እዚያ ላይ ነው። ስምንት ደቂቃ በደንብ ያሳቀ ጭውውት በዘጠነኛው ደቂቃ አንድ ሽማግሌ ያስነሣና «ስለዚህ ልጆቼ…» ብሎ ምክር ይጀምራል። ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በደርግ ዘመን የቀበሌና የከፍተኛ ኪነት ቡድኖች መልእክት እንዲያስተላልፉ ይጠበቅባቸው ነበር። ቆይቶም በየትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያና የፀረ ኤድስ ክበባት ጭውውት የሚጻፈው ሊያስተምር ነበር። እነዚያ መድረኮች ብዙ ከያንያን አፍርተዋልና አልነቅፋቸውም። እናንተ ግን ተመልካቹን እመኑት። የሠራተኛዋን ጥያቄ ሰምቶ የሳቀ ሰው፣ ቤቱ ሲገባ የራሱን ሠራተኛ ዓይን ማየቱ አይቀርም። ያንን እናንተ አትንገሩት።

«አማተር» መባል ቅር የሚላችሁም ካላችሁ ታሪካችንን አስታውሱ። በአገራችን የመጀመሪያው በጽሑፍ የተዘጋጀ ቴአትር ኮሜዲ ነው፤ በ1913 ዓ.ም. ገደማ የቀረበው «የአውሬዎች ኮሜዲያ»። ጸሐፊው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩሲያ የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ፣ በኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። ቴአትር እንጀራቸው አልነበረም። የእንስሳት ተረት አስመስለው የዘመኑን ሹማምንት ጎሸም አደረጉና ተራስ ሆቴል ላይ አሳዩ። መኳንንቱ ነገሩ ገባቸው፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ከዚህ ሁለት ነገር ያዙ። ሙያተኛ አለመሆን ጥሩ ነገር ከመጻፍ አያግድም። ወደ ላይ የሚወረወር ሳቅ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል፤ ስለዚህም ነው ብዙዎች ወደ ታች፣ ወደ ሠራተኛዋና ወደ ባላገሩ መወርወር የሚቀናቸው። በምርጫችን ወደ ታች የተወረወረውን ሁሉ ጥለናል። ይህን በሚቀጥለውም ወቅት እናደርገዋለን።

የመጨረሻው ጉዳዬ ስማችሁ ነው። ልመንህ ታደሰና አለባቸው ተካ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ ጥንድ ጥንድ ሆነው ቤታችንን በሳቅ የሞሉበትን ዘመን ወላጆች ታስታውሳላችሁ። ፊታቸው ዛሬም ፊታችን ላይ ድቅን ይላል። አንድን ጭውውት ማን እንደጻፈው ግን ስንቶቻችን ጠይቀን እናውቃለን? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅ መብት አዋጅ የሚጠብቀው በወረቀት ወይም በቀረጻ የተቀመጠ ሥራን እንጂ ሐሳብን አይደለም። ቡና ላይ ያወራችሁት ቀልድ በማግስቱ የሌላ ሰው ሆኖ ቢመጣ የምትከራከሩበት ነገር የላችሁም። ስለዚህ ጻፉት፤ ቀን አድርጉበት፤ ስማችሁን አስፍሩበት። ተዋናዮችም መድረክ ላይ ስታመሰግኑ ጸሐፊውን ከድምፅ ባለሙያው በፊት ጥሩት።

አሁን ስማችሁ ሲጠራ የምትሰሙት የእኛን ፍርድ ነው። ያልተጠራችሁ ረቂቃችሁን ከነአስተያየቱ ከአዘጋጆቹ ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ፤ አንብቡት፤ ካልተስማማችሁም ተሟገቱን። ከምርጦቹ አንዱ እንደዚያ ሁለተኛ ተጽፎ የመጣ መሆኑን ነግሬያችኋለሁ። የመስከረሙ ወቅት ሲከፈት ቁጥር ብቻ የተጻፈባቸውን አዳዲስ ወረቀቶች እንጠብቃለን።

ብዕራችሁ አይንጠፍ፤ ያሳቃችሁት ሁሉ ይመርቃችሁ። እንኳን ደስ አላችሁ!