ቡችላውንም እንይ



ዲምቱ ብንሄድ ልጅና ቡችላ አንድ አፈር ላይ ነው የሚጫወቱት። በወላይታ፣ ስሙ ንጽሕና ማለት የሆነው የ«ጌሺያሮ» ፕሮጀክት የሰውን የሆድ ትላትል ሲዋጋ ቆይቷል። የውሻው ወስፋት፣ ቶክሶካራ፣ ግን ሌላ ነው። እንቁላሉ አፈር ውስጥ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ይበስላል። ልጅ ሲውጠው እጩ ወደ ጉበት፣ ወደ ሳንባ፣ አንዳንዴም ወደ ዓይን ይሄዳል፤ ዓይን እስከ ማጥፋትም ይደርሳል። ሰው አንጀት ውስጥ ስለማያድግ በሰገራ ምርመራ አይታይም። እናም «ነፃ ነህ» ብለን የሸኘነው ልጅ ነፃ ላይሆን ይችላል።

የጤናና የእንስሳት ሕክምና ባለሙያዎች፣ አደራ! እናት ውሻ ገና በማህፀን ስለምታስተላልፈው፣ ቡችላው በ2 ሳምንቱ መድኃኒት ይጀምር። ዓይነ ምድሩ በየቀኑ ተነሥቶ በጥልቅ ይቀበር። ልጁም እጁን በሳሙና ይታጠብ።