ስለ ጠገራ ብርና ስለ መሐለቅ



ሐኪም መድረክ ላይ ስትወጣ ስለ ደም ግፊት ታወራለች ብላችሁ ከሆነ ዛሬ ተርፋችኋል። የማወራው ስለ ብር ነው፤ ስለሚቀልጠው ብር።

ጀጎል ውስጥ ጠገራ ብር ያለበት ቤት ብዙ ነው፤ ወይ በሣጥን፣ ወይ ከአንገት ጌጥ ጋር ተበይዶ። ሲቸግር ብር ሠሪ ዘንድ ይሄዳል፣ በግራም ይመዘናል፣ ይቀልጣል። ለሕክምና ወጪ ብለው የአንገታቸውን የሸጡ እናቶች አውቃለሁ። አትሽጡ ልላቸው አልችልም። ግን "ሁሉም ያው ነው፣ ሁሉም 1780 ይላል" ተብሎ ሲገዛባቸው ያናድደኛል።

እርግጥ ማርያ ቴሬዛ ላይ የተጻፈው ዓመት ሁሌም 1780 ነው፤ ንግሥቲቱ የሞተችበት የአውሮፓ ዓመት። ከዚያ ወዲህ የተመታውም ሁሉ ያንኑ ይዞ ወጣ፤ ነጋዴው የለመደውን መልክ ነበርና የሚፈልገው። ቪየና፣ ሚላንና ቬኒስ መቱት። በ1935 እ.ኤ.አ. ጣሊያን የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ ሲጀምር ደግሞ ለንደንና ፓሪስም ተከተሉ። ሁሉም 28 ግራም ገደማ፣ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው፤ ስለዚህ ሚዛን አይለያቸውም። የሚለየው ዓይን ነው፤ የትከሻዋ ጌጥ፣ የሉሎቹ አቀማመጥ፣ የንስሩ የጅራት ላባ። የድሮ ሰዎችም እኮ ሉሎቹ በደንብ ካልታዩ አንቀበልም ይሉ ነበር።

የምኒልክ ብርም እንዲሁ ነው። ፓሪስ ከተመቱት ውስጥ የ1887 ዓ.ም. አንበሳ ግራ እግሩን ሲያነሣ፣ የ1889ኙ ቀኙን ያነሣል።

እኔን ይበልጥ የሚይዘኝ ግን ትንሹ መሐለቅ ነው። የሐረር አሚሮች የራሳቸውን ገንዘብ ይመቱ ነበር። በ1855 እ.ኤ.አ. እዚህ አሥር ቀን የቆየው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ያየው የናስ ነበር፤ በአንዱ ወገን ሐረር መመታቱ በዐረብኛ ተጽፎበታል፣ በሌላው 1248 ዓመተ ሂጅራ። ከተማው ውስጥ ሌላ ሳንቲም ያዘዋወረውን አሚሩ ያለ ርኅራኄ ይቀጡ እንደነበርም ጽፏል። በእጅ ስለሚሠራ አንዱ ከሌላው አይገጥምም። በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ አሚርነቱ ቢያበቃም ስሙ አልቀረም፤ በ1885 ዓ.ም. በምኒልክ ዘመን ሐረር ላይ የተመታችው ትንሽ የብር ሳንቲምም መሐለቅ ነው የምትባለው። ታዲያ ከቪየናና ከፓሪስ የመጡት በሚዛን ዋጋ ሲያገኙ፣ እዚሁ የተወለደው ስለማይመዝን ከቁልፍና ከመርፌ ጋር ይጣላል!

እናንተ ብዙ ቤት ትገባላችሁ። ሰው ሊሸጥ ሲል ሁለቱንም ፊት በስልክ አንሡለት፣ ከአንድ በላይ ገዢም ይጠይቅ። በሎሚና በአመድ እንዳይፈትገው ንገሩት፤ ጥቁረቱ ብሩ ከድኝ ጋር ተዋሕዶ ያመጣው ሽፋን እንጂ እድፍ አይደለም፣ ሲፈተግ ፊደሉም አብሮ ይሄዳል። ነገ ጀጎል የምትገቡ ራስ ተፈሪ ቤት ያለው ሸሪፍ ሙዚየም ጎራ በሉ፤ የሳንቲሞቹ መስታወት ጋ ስትደርሱ ቀስ በሉ፣ መሐለቁ በጣም ትንሽ ነው።