ተራ

የዛሬው ወጌ የሚነሳው ከጉድጓድ ነው። ጉድጓድ ስላችሁ በየግቢው ያለውን፣ ባልዲ በገመድ የሚወርድበትን አታስቡ። ከያቤሎ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ዱብሉቅ የምትባል ከተማ አለች፤ በዚያ አካባቢ ያሉት የቦረና ኤላዎች ሌላ ነገር ናቸው። መሬቱ እንደ መንገድ ሰፍቶ ቁልቁል ተቆፍሯል፤ ከብቱ ሲጠራ በዚያ ይወርዳል። መጨረሻው ላይ ከጭቃ የተሠራ ረጅም ገንዳ ይጠብቀዋል። የጉድጓዱ አፍ ከገንዳው ወዲያ ነው፤ እስከ 30 ሜትር የሚጠልቁ አሉ። ገመድ የለም፣ ፓምፕ የለም፤ ያለው ሰው ነው። እታች ውሃው ዳር አንዱ ይቆማል፣ ከእሱ በላይ በእንጨት ርብራብ ላይ ሌላው፣ ከዚያ በላይ ሌላው። ኦኮሌ የሚሉትን የቆዳ ባልዲ፣ አሁን አሁን ደግሞ አፉ የተቆረጠ ጀሪካን፣ ሙሉውን ወደ ላይ ይሰጣጣሉ፤ ባዶው ወደ ታች ይመለሳል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት እየዘፈኑ ነው። ፈረንጆች "ዘፋኝ ጉድጓዶች" ያሏቸው ለዚህ ነው፤ የሚዘፍነው ሰውየው እንጂ ጉድጓዱ አለመሆኑን ማን በነገራቸው!

አንድ የበጋ ቀን እንግዳ ሆኜ ሄድኩ። ዳር ቆሜ ማየት ሰለቸኝና "እስቲ እኔም ልግባ" አልኩ። አስተርጓሚዬ ሳቀ፤ እነሱ ግን አልሳቁም። አንድ ወጣት ከርብራቡ ወጥቶ ቦታውን ለቀቀልኝ፤ ለገንዳው የምትቀርበውን፣ የላይኛዋን። የመጀመሪያውን ባልዲ ያዝኩ። ሁለተኛውንም ያዝኩ፤ ልቤም አበጠ። ሦስተኛው ላይ ባዶውን ልመልስ ስል ሙሉው መጣብኝ፤ ሁለቱም አይቅሩብኝ ብዬ ሁለቱንም ለቀቅኩ። ውሃው ከበታቼ ባለው ሰው አናት ላይ ተከነበለ።

ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ። ስድብ ጠበቅኩ፤ ስድቡ ቢቀር ምክር። አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ ከስድስት አፍ ስድስት ምክር ይወርድብኝ ነበር፤ "እጅህን ዘርጋ!"፣ "አይ ሰብስብ!"፣ "እግርህን እይ!"፣ "እሱን ተወው፣ እኔን ስማኝ!" እነዚያ ሰዎች ያደረጉት ግን ዘፈኑን ማዘግየት ነው። ማንም ምንም ሳይለኝ ዜማው ለዘብ አለ፤ ባልዲውም ከዜማው ጋር ቀሰስ አለ። እታች ጨለማ ውስጥ ያለው፣ ፊቴን እንኳ ያላየው ሰው ሳይቀር፣ በእኔ አቅም መሥራት ጀመረ። እላይ ደግሞ ከብቱ ቆሟል፤ በበጋ በሦስት ቀን አንዴ ውሃ የሚያገኝ ከብት።

ይህን ያስታወሰኝ ሰሞኑን ስለ አንድ የሩቅ አገር ጨዋታ ያነበብኩት ነገር ነው። የሸክላ እርግብ ተኩስ ይሉታል። እርግብም የለበት፣ ሸክላም የለበት። ድሮ ግን እውነተኛ እርግብ ከሳጥን እየለቀቁ ይተኩሱባት ነበር፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1900 በፓሪሱ ኦሎምፒክ ሰሞን ወደ 300 የሚጠጉ ወፎች እንደረገፉ ይነገራል። በ1880 ጆርጅ ሊጎውስኪ የሚባል አሜሪካዊ ነው በወፏ ፋንታ ከሸክላ የተሠራች ትንሽ ሳህን ያመጣው። የዛሬዋ ሳህን ከቅጥራንና ከተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው የምትሠራው፤ ወርዷ 11 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ተኳሹ "ፑል!" ብሎ ይጮሃል፤ "ሳበው!" እንደማለት ነው፤ ጥንት ገመድ ይሳብ ስለነበር። ማሽኑ ሳህኗን አየር ላይ ይወነጭፋታል፤ ከዚያ ሰው ከሳህን ጋር ይሽቀዳደማል።

ጀማሪ የሚስተው ሳህኗ ባለችበት ስለሚተኩስ ነው። እርሳሱ እስኪደርስ እሷ ሄዳለች። ከፊቷ ቀድሞ መተኮስ ያስፈልጋል፤ ቃታ ሲስቡም የጠመንጃውን ጉዞ መግታት አይገባም፤ ዓይን ደግሞ ከአፈሙዙ ይልቅ ከሳህኗ ጋር መሄድ አለበት። ይህን ሁሉ በሁለት ሰኮንድ ውስጥ። አሁን ከጀርባው አራት ሰው ቆሞ አራት ዓይነት ነገር ሲነግረው አስቡት!

ለዚህ ነው ሜዳው የራሱ ወግ ያለው። የደህንነቱ ሕግ አያከራክርም፤ ጠመንጃው ተራው እስኪደርስ ከወገቡ ታጥፎ፣ ባዶነቱ ለሁሉም እየታየ ይቆያል፣ አፈሙዝም ወደ ሰው አይዞርም። እኔን የገረመኝ ሌላኛው ነው፤ ካልተጠየቅክ አትምከር፣ ጎረቤትህ ሲስት አትሳቅ፣ ሲተኩስ አታውራ፣ አታጣድፈው። አንድ ዙር 25 ሳህን ነው። ለሻምፒዮኑም 25፣ ትናንት ጠመንጃ ለጨበጠውም 25። የሚስተው ሰው ቁጥሩ አይቀነስበትም።

በእኛም አገር ዒላማ መምታት አዲስ ነገር አይደለም። በጎጃምና በጎንደር ገጠር ኢብሬት ይሉታል፤ ሠርግ ወይም በዓል ሲሆን ድንጋይ ይተከላል፣ ወንዱ ይሰለፋል። እውነቱን ለመናገር የእኛ ኢብሬት ለጀማሪ አይራራም። የሳተ ሰው ለከርሞ ሠርግ የሚተርፍ ቀልድ ሆኖ ይቀራል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ጥይት ውድ ነው። ያባት ዝናር ውስጥ ያለች አንዲት ፍሬ ለልጅ ልምምድ አትባክንም፤ ስለዚህ ልጁ የመጀመሪያ ጥይቱን የሚተኩሰው ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ነው፤ ቢስት ምን ይገርማል? በነገራችን ላይ፣ እነዚያ አባቶች ሲኮሩበት የኖሩት ውጅግራ ስሙ የተገኘው "ፉዚል ግራ" ከሚለው ከፈረንሳይኛው ነው። አንድ ጀማሪ አፍ ሞክሮት ሳተው፣ ማንም አላረመውም፤ ይኸው ቆንጆ አማርኛ ሆነ።

እና ሳስበው ሳስበው ያረፍኩት "ተራ" የሚለው ቃል ላይ ነው። ተራ ማለት ወረፋ ነው፤ ተራ ማለት ደግሞ ከቁጥር የማይገባ ነው። ታክሲ ተራ ላይ ተራ አስከባሪው ሲጮህ የምንሰማው የመጀመሪያውን ነው፤ "ተራ ሰው" ስንል ሁለተኛውን። አንድ ቃል ሁለቱን እንዴት እንደተሸከመ የቋንቋ ሊቃውንት ይንገሩን። ቦረናዎች ግን በኤላቸው ሁለቱን ለያይተዋቸዋል። ጉድጓዱን አስቆፍሮ ያወጣው ሰው አባ ኮንፊ ይባላል፤ ክብሩም ወደ ዘሩ ይተላለፋል። የየዕለቱን ወረፋ የሚያዘው ግን ሌላ ሰው ነው፣ አባ ሄሬጋ። ዛሬ የማን ከብት ይቅደም፣ ነገ የማን ይከተል፣ እሱ ያውቃል። ጉድጓዱ የጎሳዬ ነው ብሎ የተጠማን መከልከል ነውር ነው፤ ወረፋህን ጠብቅ ሊባል ይችላል እንጂ ሂድ አይባልም።

ይህ ሁሉ ካለበት ምድር ብዙም ሳይርቅ ነው የነገሌው ነገር የሆነው። ነገሌ ቦረና የወታደር ከተማ ናት። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. እዚያ የሰፈሩት የአራተኛ ክፍለ ጦር ተራ ወታደሮች አመፁ። ምግቡ አይበላም፣ ውሃውም አይጠጣም ነበር። የእነሱ ጉድጓድ ፓምፕ ሲበላሽ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንቅዳ ቢሉ ተከለከሉ። ጉዳዩን ሊያጣሩ የተላኩት የምድር ጦር አዛዡ ጄኔራል ድረሴ ዱባለ ተያዙ፤ ወታደሩ የሚበላውን እንዲበሉ፣ የሚጠጣውን እንዲጠጡ ተደረገና ታመሙ። በሳምንታት ውስጥ ነገሩ ደብረ ዘይት ደረሰ፣ አስመራ ደረሰ፤ አዲሱ ዓመት በገባ በሁለተኛው ቀን ዘውዱ ወረደ። "አንተ ስለ ጀማሪ እያወራህ አልነበር?" ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ከመንገዴ ወጣሁ። ግን አስቡት፤ አንዱ ጉድጓድ ላይ ለማያውቁት እንግዳ ሲሉ ዘፈን ያዘገያሉ፤ ሌላው ጉድጓድ ላይ ለገዛ ወታደር ባልዲ ይነፍጋሉ። መሬቱ ያው ቆላ፣ ጥሙም ያው ጥም።

ወደ ዱብሉቅ ልመለስ። ስንት ባልዲ እንደያዝኩ አልቆጠርኩም፤ ስንት እንደደፋሁም የቆጠረብኝ የለም። ክንዴ ሲዝል ወጣቱ ሳልጠራው መጥቶ ቦታውን ተረከበኝ፤ ዘፈኑም ወዲያው እንደ ድሮው ፈጠነ፤ ያን ጊዜ ነው ምን ያህል አዝግመውልኝ እንደነበር የገባኝ። ያ ውሃ የደፋሁበት ሰውዬ አሁንም ከታች ይዘፍናል።

አባ ሄሬጋው በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሽማግሌ ናቸው። በአስተርጓሚዬ በኩል "ከብትህ የት አለ?" አሉኝ።

"ኦቦ፣ እኔ ከብት የለኝም" አልኳቸው።

"ታዲያ ለማን ስትቀዳ ነበር?"

የምመልሰው ጠፋኝ። ቀና ስል እላይ መውረጃው አፍ ላይ አንዲት ነጭ ላም አንገቷን አስግጋ ወደ ገንዳው ታያለች። "ለእሷ" አልኩና ጠቆምኳት።

ዞር ብለው አዩዋትና ራሳቸውን ነቀነቁ። "እሷማ ገና ናት" አሉኝ፤ "ተራዋ አልደረሰም።"