ድስት ይታጠባል



ንግግሬን ከጭስ ልጀምር። በአራተኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሃ፣ በገዳመ አስቄጥስ፣ የአንድ ሳምንት ጾም ታወጀ። መነኮሳቱ በየበአታቸው ተከተቱ። በዚያው ሳምንት ከሩቅ የመጡ ወንድሞች የአባ ሙሴን በር አንኳኩ። እኛ ሙሴ ጸሊም የምንላቸው፣ ሰኔ 24 ቀን የምናስባቸው፣ ከሽፍትነት ወደ ምንኩስና የገቡት አባት ናቸው። እንግዶቹ መንገድ አድክሟቸዋል። አባ ሙሴ እሳት አነደዱና ጥቂት የሚበላ ነገር አበሰሉላቸው። በረሃ ላይ ደግሞ ጭስ አይደበቅም። ጎረቤቶች አዩ፤ ሙሴ ትእዛዝ አፍርሶ ምግብ እያበሰለ ነው ብለው ለካህናቱ ተናገሩ። ካህናቱ አልቸኮሉም፤ ሲመጣ እኛው እናነጋግረዋለን አሉ። ቅዳሜ ማኅበሩ ሲሰበሰብ፣ የእኒህን ሰው ኑሮ ያውቁ ነበርና፣ የሰውን ትእዛዝ ሽረው የእግዚአብሔርን እንደ ጠበቁ በሁሉ ፊት መሰከሩላቸው።

ይህን ታሪክ ስናወራ ብዙ ጊዜ የምንዘለው ነገር አለ። በዚያ ጉባኤ ጾሙ ስሕተት ነበር ያለ የለም። አባ ሙሴም ርቧቸው አልነበረም ድስት የጣዱት። እሳቱ የነደደው ለሌላ ሰው ሆድ ነው። ዛሬ የምናገረው ሁሉ በዚህች ነጥብ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

የበረሃ አባቶች በዚህ ነገር እጅግ ረቂቅ ነበሩ። መነኩሴው ዮሐንስ ካስያን በግብፅ ገዳማት ሲዞር ያየውን ጽፏል። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ለራሱ ለካስያን ገበታ አቅርበው ጨምር፣ ብላ ይሉታል። እሱ ጠግቤያለሁ፣ አልችልም ይላል። ሽማግሌው ምን ቢሉት ጥሩ ነው? በዚያን ቀን ለሚመጡት ወንድሞች ስድስት ጊዜ ገበታ ዘርግተው፣ እንግዳው እንዳያፍር ከእያንዳንዱ ጋር ቀምሰው፣ አሁንም ርቧቸው ነበር! ስድስት ጊዜ እየበሉ ረኀባቸውን የጠበቁ ሰው ናቸው። እኛ ስድስት ጊዜ ሳንበላ ውለን ሰው ሁሉ እንዲያውቅልን የምንፈልግ ነን፤ ራሴንም ጨምሬ ነው የምለው።

ወደ ወንጌሉ ልምጣ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ላይ ዐሥራ ስምንት ዓመት የጎበጠች ሴት አለች። ጌታ በሰንበት፣ በምኩራብ ውስጥ ጠርቶ ቀና አደረጋት። የምኩራቡ አለቃ ተቆጣ። ልብ በሉ፣ የተቆጣው በጌታ ነው፤ የተናገረው ግን ለሕዝቡ ነው። የሥራ ቀን ስድስት አለ፣ በዚያ መጥታችሁ ተፈወሱ አላቸው። ሕግን ጋሻ የሚያደርግ ሰው ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ፊቱን ወደ ደካማው ያዞራል። የጌታ መልስ ከበረት የመጣ ነበር። በሬያችሁንና አህያችሁን በሰንበት ፈትታችሁ ውኃ ታጠጡ የለም ወይ ነው ያላቸው። ገበሬ ሰው ይህን ለመረዳት ሐተታ አያስፈልገውም።

አሁን ደግሞ ብዙ ያልተነገረላቸውን አንድ ጳጳስ ላንሣ። በ422 እ.ኤ.አ. ገደማ የሮምና የፋርስ ጦርነት ሲካሄድ፣ የሮም ወታደሮች ሰባት ሺህ የፋርስ ምርኮኞች ይዘው አንመልስም አሉ። ምርኮኞቹ በረኀብ ያልቁ ጀመር። የአሚዳ ጳጳስ አካክዮስ፣ ከተማዋ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ዲያርባኪር የምትባለው ናት፣ ካህናቱን ሰበሰቡ። አምላካችን የማይበላና የማይጠጣ ስለ ሆነ ሳሕንም ጽዋም እንደማያስፈልገው ነገሯቸው። የቤተ ክርስቲያኑ የወርቅና የብር ዕቃ ቀለጠ፤ ለወታደሮቹ ቤዛ ተከፈለ፤ ምርኮኞቹ ቀለብ ተሰጥቷቸው፣ ስንቅም ተቋጥሮላቸው ወደ አገራቸው ተሸኙ። ይህን የጻፈው ሶቅራጥስ ነው፤ ፈላስፋው ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው።

እነዚያ ምርኮኞች የማን ወገን ናቸው? የጠላት ወገን ናቸው፤ ንጉሣቸውም ክርስቲያኖችን ያሳድድ ነበር። በንዋየ ቅድሳት ላይ ያለውን ሥርዓት እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። ካህን ያልሆነ ሰው አይነካውም። ጳጳሱ ግን አቀለጡት። የፋርስ ንጉሥ በነገሩ ተደንቆ ሰውየውን ማየት እንደ ፈለገ ጸሐፊው ይነግረናል።

አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ ይደሰታል። እንግዲያው ሥርዓት ምን ያደርጋል፣ ዋናው ልብ ነው ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። አካክዮስ የሚያቀልጡት ወርቅ የተገኘው ለዘመናት በሥርዓት ስለ ተጠበቀ ነው። አባ ሙሴም ጾም የማያውቁ ቢሆኑ ኖሮ ጭሳቸውን ማንም ቁም ነገር አይለውም ነበር። ቀኖናውም ቢሆን እንደምንለው ደንቆሮ አይደለም። ከሐዋርያት ቀኖናዎች አንዱ ዐቢይ ጾምን፣ ረቡዕንና ዓርብን የማይጾመውን ካህን ከሹመቱ ይሽራል፤ እዚያው ላይ ግን የሥጋ ድካም ያገደውን ለይቶ ይተወዋል። የነፍስ አባት የተሰጠንም ለዚህ ነው፤ ልኩን እያየ የሚያጠብቅና የሚያላላ ሰው እንዲኖር።

የእኛ ችግር አቅጣጫው መገልበጡ ነው። ለራስ ማላላት፣ ለሌላው ማጥበቅ። ነፍሰ ጡሯና የምታጠባዋ እናት ጾም እንደማይጸናባቸው እየታወቀ ስንቷ ናት የሰው ዓይን ፈርታ የምትጾም! በእንጦጦ ጠበል የኤች አይ ቪ መድኃኒታችሁን አቋርጡ የተባሉ ሕሙማን እንደ ነበሩም የምናውቀው ነው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው እንዲወሰዱ በይፋ ሲናገሩ ጠበሉን አላቃለሉም፤ ሰውየው በሕይወት እንዲቆይ ነው የፈለጉት።

በልጅነቴ ያየሁትን ልንገራችሁና ልጨርስ። በሁዳዴ አንዲት ጎረቤታችን ወለደች። ብዙ ደም ፈስሷት ስለ ነበር ከመደብ ላይ መነሣት አቃታት፤ ጡቷም ነጠፈ። አማቷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምሱ ጠንካራ ጿሚ ነበሩ። ለአራሷ ገንፎውን በኑግ ዘይት ይሠሩላታል፤ እሷ ሁለት ጊዜ ጎርሳ ትተወዋለች። የነፍስ አባታቸው ሊጠይቁ መጡ። የሕፃኑን ልቅሶ ሰሙ፣ ሳሕኑን አዩ፣ አማቲቱን በክርስትና ስማቸው ጠርተው፣ "ለፋሲካ ያነጠርሽው ቅቤ የት ነው?" አሏቸው።

አማቲቱ ደነገጡ። "አባ፣ ድስቴ እኮ ለጾም የታጠበ ነው" አሉ።

"ድስት ይታጠባል" አሉ አባ፤ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ገንፎው እስኪቀርብ አልተነሡም።

በማግሥቱ ጠዋት ስናልፍ አማቲቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ያንን ድስት በአመድ ሲያሹ አየሁ። ካሹት በኋላ ፀሐይ ላይ ደፉት። ማታ እንደገና በቅቤ ገንፎ ሠሩበት። እስከ ፋሲካ ድረስ በየጠዋቱ ታጠበ፤ በየማታውም ተጣደ። እሳቸው ግን ዘጠኝ ሰዓታቸውን አንድ ቀን አላጎደሉም።