ሕፃናትና ካራቴ፦ ቡጢን የማቆም ትምህርት



በጅማ ከተማ፣ በሰቶ ሰመሮም ሆነ በሌላው ቀበሌ፣ እንዲሁም በአጋሮ፣ አንድ ልጅ ካራቴ ልማር ብሎ ቢጠይቅ ከወላጁ የሚሰማው መልስ የታወቀ ነው፤ «ድብድብ ተምረህ ማንን ልትመታ ነው?» የሚል። ሥጋቱ መሠረት የለውም አይባልም። አያሌ ወጣቶች ካራቴን ያወቁት በቪዲዮ ቤት ፊልም ነው፤ በፊልሙ ደግሞ የተሰነዘረ ቡጢ ሁሉ ሰው ላይ ሲያርፍ እንጂ ሲቆም አይታይም።

ካራቴ በኦኪናዋ ደሴት ተወልዶ ለረጅም ዘመን ለጥቂቶች ብቻ በምሥጢር ሲተላለፍ ኖሯል። ወደ ትምህርት ቤት ያስገባው አንኮ ኢቶሱ ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ1901 ገደማ ነበር። ኢቶሱ የጥንቱን ልምምድ እንዳለ ለሕፃናት አልሰጠም። አደገኛውን ቀንሶ፣ ረጅሙን አሳጥሮ፣ ፒናን የተባሉ 5 የእንቅስቃሴ ቅንብሮችን አዘጋጀ። ደቀ መዝሙሩ ጊቺን ፉናኮሺም በሙያው የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበር። እንግዲህ ዛሬ በዓለም የተሠራጨው ካራቴ ከጦር ሜዳ ይልቅ ከመማሪያ ክፍል ወጣ ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ቡጢ መሰንዘርን ጀማሪ ልጅ ሁሉ ይችለዋል። የሚቸግረው ከባልንጀራው ደረት ሁለት ጣት ሲቀረው ማቆም ነው። ለዚህም ዓይን ርቀቱን መለካት፣ እግር መሬቱን መርገጥ፣ የሚገታው ጡንቻ በቅጽበቱ መነሣት፣ ልብም ከቍጣ መራቅ አለበት። የሞተሩ ጉልበት ብቻ ተነግሮት ስለ ፍሬኑ ያልተነገረው መሐንዲስ መኪና አይረከብም፤ የልጅም ነገር እንዲሁ ነው። በአሜሪካ 207 ተማሪዎች ተካፍለውበት እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ጥናት፣ ለ3 ወር ቴኳንዶ የተማሩት መደበኛውን የሰውነት ማጎልመሻ ከተከታተሉት ይልቅ ራስን በመግዛትና በክፍል ጠባይ መሻሻላቸውን፣ በቃል ሒሳብም መብለጣቸውን አሳይቷል። (በከተሞቻችን ቴኳንዶውም ኩንግ ፉውም በጅምላ «ካራቴ» ይባላል። ሰሎሞን ቱፋ በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረው በቴኳንዶ ነው።)

ይህ ጥቅም የሚገኘው ግን ማቆም በሚያስተምር መምህር ዘንድ ብቻ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ዘገባ፣ ልጆች ያለ ንክኪ በሚደረግ ልምምድ በአካልም በስሜትም መብሰላቸውን ሳያሳዩ ወደ ንክኪ ውድድር እንዳይገቡ መክሯል። የራስ መከላከያ ቆብ ማጥለቅም አንጎልን ከመናወጥ ለማዳን ዋስትና አይሆንም። የቀበቶው ነገር ደግሞ ያሳዝናል፤ በየጥቂት ወሩ ክፍያ እየተጠየቀ ቀለሙ ሲለወጥ ወላጅ ልጁ የተማረ ይመስለዋል። ከቀለሙ ይልቅ አንድ ወረቀት በክር አንጠልጥሎ፣ ልጁ ወረቀቱን ሳይነካ ቡጢውን ከፊቱ ማቆም መቻሉን ማየት ይበቃል።

የቦታውን ጉዳይ ማንሳት ለዚህ ማኅበር አባላት ይገባል። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው በሐምሌና በነሐሴ ሜዳው ጭቃ ነው፣ ልጁም ከቤት ይውላል። ካራቴ ኳስም ሜዳም አይሻም። ወርዱ 7፣ ቁመቱ 8 ሜትር የሆነ መማሪያ ክፍል ዴስኮቹ ወደ ውጭ ቢወጡ፣ ለአንድ ልጅ 4 ካሬ ሜትር ታስቦ 14 ልጆች ያሠራል። ችግሩ የሲሚንቶው ወለል ነው። 30 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከ30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ በጎኑ ቢወድቅ ይዞት የሚመጣው ኀይል 88 ጁል ያህል ነው። ይህ በ2 ሳንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ከሚቆም በ4 ቢቆም፣ በአጥንቱ ላይ የሚያርፈው አማካይ ጫና በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ የወፍራም ምንጣፍ ጥቅምም ይኸው ነው። በሲሚንቶ ላይ ሰሌን ማንጠፍ ግን አይበጅም፤ ለዓይን ይለሰልሳል እንጂ ከእግር ሥር ይንሸራተታል። ምንጣፍ እስኪገኝ ድረስ ዝላይና መውደቅ ያለበትን ልምምድ መተው፣ አቋቋምንና ቡጢን ብቻ ማስተማር ይቻላል።

ሌላም ጥቂት ነገር አለ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የመምህሩ ድምፅ ከሁለተኛው ረድፍ አያልፍም፤ ልጆቹም ቆጠራው ሳይሰማቸው እርስ በርስ እየተያዩ ይሳሳታሉ። ስለዚህ በክረምት የሚያስተምር ሰው ቍጥሩን በአፉ ከሚጠራ በከበሮ ቢመታው ይሻላል።